በገጽ ሃምሳ ሁለት የተቆረጠው

ሮዛሪዮ፣ ማርች 14 ቀን 1997

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ ለኤርሜሊንዳ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎን እጠይቃለሁ። የኢታቲዋ ድንግል ዓይንዎንና ወገብዎን ትጠብቅልኝ፤ ለልብስ መስፊያውም ዕድሜ ትስጠው። እኔ ደህና ደርሻለሁ። የሰጡኝ የቺፓ ዳቦ ግማሹ አውቶቡስ ላይ አለቀ፣ የቀረውን አብራኝ የምትኖረው ልጅ «አክስትሽ ሌላ የእህት ልጅ አትፈልግም ወይ?» እያለች ጨረሰችው።

በጃንዋሪ ለሁለት ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ማቴ ሻይ እየጠጣን የቀዳሁትን ሁለት ካሴት ቃል በቃል ወደ ወረቀት ገለበጥኩት። ሰባ ሁለት ገጽ ወጣው። ፕሮፌሰር ባሳልዱዋ አንብበው «ከዚህ በኋላ ሌላ ርዕስ እንዳትፈልጊ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ይኸው ነው» አሉኝ። አምስት ዓመት ሳይኮሎጂ ተምሬ እንዲህ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። በእኛ ሙያ ሰው ሳይፈቅድ ስለ እሱ መጻፍ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አራት ገጽ ወረቀት ልኬያለሁ። ስምዎ እንደማይጠራ፣ ሐሳብዎን ሲቀይሩ መተው እንደሚችሉ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚለው። ዓይንዎን አያድክሙ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ይፈርሙልኝ። በጽሑፉ ውስጥ እርስዎ «ወይዘሮ መ.» ነዎት፣ ፓሶ ሳውሴም «በወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ» ናት። እዚህ ሮዛሪዮ ማን ያውቅዎታል?

እማዬን ይሳሙልኝ። ምን እንደምጽፍ ከጠየቀችዎ ስለ ልቅሶ ሥርዓት ነው ይበሏት። ውሸትም አይደለም።

የምትወድዎ ግሪሴልዳ


ፓሶ ሳውሴ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1997

ለልጄ ለግሪሴልዳ፣

እግዚአብሔር በዚያ ትልቅ ከተማ ከመኪናውም ከሰዉም ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። ሙቀቱ አሁን ነው ትንሽ የለቀቀን። እናትሽ ጥርሷን አሟት ነበር፣ ተነቀለላትና ከማን ጋር እንደምትጣላ ጠፍቷት ከዶሮዎቹ ጋር ትጣላለች።

ወረቀትሽን ፈርሜ መልሻለሁ። አላነበብኩትም። አንቺን ጡት ስትጥዪ ያጎረስኩ ሰው ለአንቺ ፈርሚ ስባል ምን አነባለሁ?

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በደንብ ስሚኝ። ሁለተኛው ካሴት ላይ፣ ልጄ ዳሪዮዬ ስለሞተበት ሐሙስ ያወራሁትን ተይው። ልቅሶውን ውሰጂ፣ ጭፈራውን ውሰጂ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት የልጅ ልብስ አልሰፋም እንዳልኩ እሱንም ውሰጂ። ሐሙስን ግን ያወራሁት ለአንቺ ነው፣ ለፋኩልቲሽ አይደለም። ለእናትሽ እንኳ በሃያ ሰባት ዓመት አንድ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። በአንድ ግቢ፣ በአንድ የልብስ ማስጫ ሽቦ የኖርነው ስላልወጣ ነው።

እሺ በይኝና ልረፍ። ስትችዪ ነጭ የሐር ክር ላኪልኝ፣ የአናጢው ልጅ ልታገባ ነው፣ እዚህ ያለው ክር እየተበጠሰ አስቸገረኝ።

ሰላም ሁኚልኝ።
አክስትሽ ኤርሜሊንዳ


ሮዛሪዮ፣ ጁን 9 ቀን 1997

ለውድ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? በመዘግየቴ በጣም አፍራለሁ። ክሩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ሻጩ ከዚህ የተሻለ የለም ብሎ ምሏል።

እዚህ ቀንና ሌሊቱ አንድ ሆኖብኛል። ፕሮፌሰር ባሳልዱዋ ጽሑፌን በቀይ እስክሪብቶ ሞልተው ይመልሱልኛል። «እኔ» ብሎ መጻፍ ነውር ነው። «አለቀሰች» አይባልም፣ «የሐዘን መግለጫ ታየባት» ነው የሚባለው። «አክስቴ» ማለትማ ጭራሽ አይታሰብም፣ «ተሳታፊዋ» ነዎት። የሰው ንግግር ከአርባ ቃል ካለፈ ለብቻው ገባ ብሎ ይጻፋል፣ ከበዛም ይቆረጥና በተቆረጠበት ቦታ ሦስት ነጥብ ይደረጋል። ኮማ የት እንደሚገባ የሚናገር መጽሐፍ አለን፣ ከእርስዎ የጸሎት መጽሐፍ ይወፍራል። እኛም እንደዚያው ነው የምናምንበት።

ፕሮፌሰሯ ሁለተኛውን ካሴት በጣም ወደውታል። «የጽሑፉ ልብ እዚህ ነው» ይላሉ።

ለአናጢው ልጅ መልካም ጋብቻ ይሁንላት። ጤናዎን ይጠብቁ።
ግሪሴልዳ


ፓሶ ሳውሴ፣ ጁን 28 ቀን 1997

ግሪሴልዳ፣

ክሩ ደርሶኛል፣ ጥሩ ክር ነው።

ስለ ሐሙስ የጠየቅኩሽን አልመለስሽልኝም። ስለ ኮማ አንድ ገጽ ጻፍሽልኝ። እኔ የምጠብቀው አንድ ቃል ነው፣ እሱም «ተውኩት» የሚል ነው። እሱን ጽፈሽ ላኪ።

እመቤታችን ልብ ትስጥሽ።
አክስትሽ


ሮዛሪዮ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1997

ለውድ አክስቴ፣

እንኳን ደስ አለዎት፣ እንኳን ደስ አለን። ባለፈው ማክሰኞ ተፈተንኩ፣ ከአሥር ዘጠኝ ሰጡኝ። አንዱ ፈታኝ ተነስቶ ጨበጠኝ። በቤታችን ዲግሪ የያዘ ሰው ይኼው ተገኘ፤ ሥነ ሥርዓቱ ማርች ላይ ነው።

ጽሑፉን በሰማያዊ ቆዳ አስጠርዤ አንድ ቅጂ ለእማዬ ልኬላታለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሁለታችሁም ስም አለ፣ «ላሳደጉኝ ለኦርፊሊያና ለኤርሜሊንዳ» ይላል። እንድታሳይዎት ይንገሯት። ስለዚያኛው ነገር አያስቡ፤ እርስዎ ወይዘሮ መ. ነዎት፣ ከዚያ በላይ ማንም አያውቅም።

ብዙ ሰላምታ፣
የእርስዎ ግሪሴልዳ


ፓሶ ሳውሴ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 1997

ግሪሴልዳ፣

በጤናሽ ጠይቄ ልጀምር ፈልጌ ብዕሩ አልሄድ አለኝ። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፤ የተጣላሁት ከእሱ ጋር ብቻ ነው እንዳልል ከአንቺም ጋር ተጣልቻለሁ።

መጽሐፍሽ መጣ። እናትሽ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከቅድስቲቱ ሥዕል ሥር አስቀመጠችው። ያላየው ሰው የለም፤ ሥጋ ሻጩ እንኳ እጁን ታጥቦ ገልጦታል። ባለፈው እሁድ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ሥጋ ጠብሳ ጎረቤቱን ጠራች፣ ዶን አኒባልንም ጠራች። ጡረታ ወጥቶም አስተማሪነቱ አልለቀቀውም፣ ታውቂው የለ። «ዶን አኒባል፣ እስቲ ጮክ ብለው ያንብቡልን፣ የልጄ እጅ ነው» አለችው። መነጽሩን አድርጎ ቆመ።

«ወይዘሮ መ.፣ የሃምሳ ስምንት ዓመት ልብስ ሰፊ፣ በወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነዋሪ፣ አንድ ልጇን በሦስት ዓመቱ ያጣች» ብሎ ሲያነብ አናጢው «እቺ መ. የእኔን ልጅ ቬሎ ነው እንዴ የሰፋችው?» አለና ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስሜን ወስደሽ የስፌት መኪናዬን፣ ወንዜንና የሞተ ልጄን እዚያው ትተሽልኛል። ማንን ለመደበቅ እንደሆነ ንገሪኝ። እዚያ ለማያውቁኝ ደበቅሽኝ፣ መጽሐፉን ግን ለሚያውቁኝ ላክሽው።

ገጽ አርባ ሰባት ላይ ሳቁ አለቀ። «ተሳታፊዋ በልጇ አስከሬን ፊት እንባ አለማፍሰሷና መጨፈሯ ሐዘኗን እንዳፈነች ያመለክታል» ይላል። ዶን አኒባል ሁለት ጊዜ አነበበው፣ አንዴ ያልገባው መስሎት። ሽማግሌዋ ሴልቫ «ምን ነበር የምታደርገው? የሕፃኑን ክንፍ ታርስበት?» አለች። ከእኛ መሃል ያልገባው የለም። የትንሽ ልጅ ሬሳ ላይ ካለቀስሽ እንባሽ ክንፉን ያርሰዋል፣ መብረር ያቅተዋል። አኮርዲዮን አስመጥቼ ከንፈሬን ነክሼ የጨፈርኩት ለዚያ ነው። ያንን ሲነግሩሽ አድገሻል። እዚህ ተወልደሽ እንደ ባዕድ ጻፍሽብኝ።

ይኼንንም እውጠው ነበር። ከዚያ ግን ገጽ ሃምሳ ሁለት መጣ።

ዶን አኒባል ልጆችን ቃል ሲያጽፍ እንደኖረ ነጥቡንም ያነባል። እንዲህ አለ፦ «ቤት ገብቼ በዓይኔ አየኋት፣ እህቴ ተኝታ ነበር፣ ሦስት ነጥብ፣ ልጁን ወንዙ ዳር አገኙት።» ሥጋው እሳት ላይ ሲንጣጣ ይሰማ ነበር። እናትሽ ተነሳች። ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች፣ ያልጨረሱትንም ጭምር፣ ከአናጢው እጅ ሹካውን ወሰደችበት። «ልብስ ሳሰጣ ነበር» አለች፣ ለማንም አይደለም ያለችው። ልጁን እየጠበቅሽ የት ነበርሽ ስትባል ሃያ ሰባት ዓመት ያለችው ያንኑ ነው። ከዚያ ገብታ ቆለፈች።

እኔ የነገርኩሽ እንዲህ ነበር ወይ? ተኝታ አየኋት፣ ጠዋት ሙሉ የሙሽራ ልብስ ጫፍ ስታጥፍልኝ ውላ ደክሟት ነበር፣ አሳዘነችኝ፣ ልጁም ከጎኗ የተኛ መሰለኝ፣ መቀሴን አንስቼ እንዳትነቃ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁና ወጣሁ፣ ዞሬ አልጋውን ብመለከት ኖሮ ልጄ በሕይወት ነበር፣ አላልኩሽም? የት ሄደ? እኔ በዚህ ዓለም ለአንድ ሰው ጥፋቴን ተናገርኩ፣ ያ ሰው ቆርጦ ጣለውና የእህቴን ብቻ አስቀረ። አሁን መንደሩ የሚያወራው ኤርሜሊንዳ ይኼን ሁሉ ዓመት እህቷን በሆዷ ስትከስ ኖራለች እያለ ነው። እናትሽ አታናግረኝም። ለብቻዋ ሌላ ሽቦ ወጥራለች።

ለምን እንዳደረግሽው ጻፊልኝ። በኮማ እንዳትመልሺልኝ።

ኤርሜሊንዳ


ሮዛሪዮ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1997

አክስቴ፣

ይጩሁብኝ፣ መብትዎ ነው። ሲጨርሱ ግን እኔም እጮሃለሁ።

መጀመሪያ እውነቱን። ሐሙስን አልረሳሁትም። የኤፕሪል ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ፕሮፌሰሯ ያለዚያ ክፍል ጽሑፉ ባዶ ነው አሉ። እርስዎ ተዪው እንዳሉኝ አልነገርኳቸውም፣ የተፈረመውን ወረቀት ብቻ አሳየኋቸው። ይኼ ወንጀል ነው፣ ስለ እሱ አንድ ሙሉ ዓመት ተምሬ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቼበታለሁ።

የቆረጥኩት ግን ለርዝመት አይደለም፣ ለፕሮፌሰሯ ግን ርዝመቱ ነው አልኳቸው። ያቺን በር የዘጉባትን ዓረፍተ ነገር ብተዋት ያነበበ ሁሉ በእርስዎ ይፈርዳል። በእርስዎ ማንም እንዲፈርድ አልፈለግኩም። በእማዬ ግን እንዲፈርድ ፈልጌ ነበር። ይኸው አልኩት።

አሁን እኔ ልጠይቅዎት። እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ በቀትር እንቅልፍ ሰዓት እናቴ እግሬን ከአልጋው እግር ጋር ታስረው እንደነበር ያስታውሳሉ? ሽንቴ ሲመጣ እየጮህኩ እጠራት ነበር። ልጆቹ «ፍየሊት» ይሉኝ ነበር። ወንዛችን ውስጥ እግሬን የነከርኩት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ያውም ተደብቄ ነው፣ ያውም ተገርፌበታለሁ። ያሰረችኝ በገበር ጨርቅ ነበር። ጨርቁን እየቀደዱ የሚሰጧት እርስዎ ነበሩ። አንዳችሁም ለምን እንደሆነ ነግራችሁኝ አታውቁም። እኔ መጥፎ ልጅ ሆኜ መስሎኝ ነው ያደግኩት። ሳይኮሎጂ የገባሁት ለምን ይመስልዎታል?

ካሴቱን ደግሜ ስሰማ ነው የገባኝ። በሃያ አራት ዓመቴ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ፣ በባዕድ ቤት። ተናደድኩ። እማዬ እንድታነበው ፈለግኩ። መጽሐፉን የላኩት ለዚያ ነው። በሰው ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል ብዬ ግን አላሰብኩም፤ በአባቴ መቃብር እምላለሁ።

ስለ ክንፉም አውቃለሁ። ሁለት ገጽ ጽፌበት ነበር። ፈታኞቹ «ይኼን የሚደግፍ ጥናት የታለ?» አሉና አወጣሁት። የአሮጊት ሴልቫን ስም በማጣቀሻ ዝርዝር ውስጥ ላስገባ ኖሯል?

ግሪሴልዳ


ፓሶ ሳውሴ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 1997

ግሪሴልዳ፣

ስለ ጨርቁ ያልሽው እውነት ነው። የቀደድኩት እኔ ነኝ። ጠንካራውን መርጬ ነበር የምሰጣት። ሌላ ልጅ ወንዝ እንዲወስድብን አልፈለግንም። አንቺ ምን እንደሚሰማሽ ማንም አልጠየቀሽም፣ ያ በደል ነው።

ግን ቂምሽ የራስሽ ነበር። በራስሽ አፍ መናገር ነበረብሽ። አንቺ ግን የእኔን አፍ ተውሰሽ፣ እኔ ተናገርኩ ብለሽ፣ እናትሽን በእኔ ድምፅ መታሻት። እሷ የምታየው የእኔን እጅ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ስጠራት ሬዲዮኗን ከፍ ታደርጋለች። በልጅነታችን እንኳ ሦስት ቀን ተኳርፈን አናውቅም።

ልነግራት ብሞክር አታምነኝም፤ አሁን መጽሐፍ አላት፣ እኔ ያለኝ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ካሴቱን እፈልጋለሁ። ቅጂውን አይደለም፣ የተጻፈውን አይደለም፣ ራሱን፣ ምንም ሳይጎድልበት። በጆሮዋ ትስማው።

ለገና እንዳትመጪ።
ኤርሜሊንዳ


ሮዛሪዮ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1998

አክስቴ፣

ይኼ እሽግ የሚደርስዎ በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ነው፤ ፖስታ ቤቱን አላመንኩትም። ውስጡ ሁለተኛው ካሴት ነው። ዘግይቷል፣ ምክንያቱን ልንገርዎት።

በሕጋችን ካሴቶቹ አምስት ዓመት በፕሮፌሰሯ ቁም ሣጥን ተቆልፈው ይቀመጣሉ። ቁም ሣጥኑን ሰብሬ ልወስድ አሰብኩ፣ አልዋሽዎትም። ከዚያ የጃንዋሪ ዕረፍቱ እስኪያልቅ ጠብቄ ገባሁና የእርስዎን የኤፕሪል ደብዳቤ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። አነበቡት። ከዚያ ያሉት ስለ እርስዎ እንኳ አልነበረም። «የአክስትሽ ፊርማ ይኸው፣ ያውም አይረባም። የእናትሽ ፊርማስ የታለ?» አሉኝ። እማዬን ማንም አልጠየቃትም። እኔ ስለ ተሳታፊዎች መብት አሥራ አንድ ገጽ ጽፌ እናቴ ሰው መሆኗ ትዝ አላለኝም።

ጉዳዩ ኮሚቴ ዘንድ ቀረበ። ውጤቴ ተሰርዟል፣ ጽሑፉ ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥቷል። በማርች አልመረቅም። በሌላ ርዕስ እንደገና እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ፕሮፌሰሯም ተወቅሰዋል፣ ሁለተኛ አያናግሩኝም። ይኼን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፣ አሁንም ንዴቴ አልወጣልኝም፤ በእናንተም በራሴም።

ካሴቱ ግን የተናጋሪው ነው ብለው ሰጡኝ። ምንም አልነካሁትም።

ግሪሴልዳ


ፓሶ ሳውሴ፣ ማርች 8 ቀን 1998

ግሪሴልዳ፣

እግዚአብሔር ያስብሽ፣ ካሴቱ ደርሷል። የሆነውን ልንገርሽ፤ የጀመርሽው አንቺ ስለሆንሽ መጨረሻውን ማወቅ አለብሽ። ወረቀት ላይ ግን እንዳላየው።

ሁለት ቀን በሯን አንኳኳሁ፣ አልከፈተችም። በሦስተኛው በቀትር እንቅልፍ ሰዓት ሬዲዮ ካሴቱን ይዤ ደጃፏ ላይ ተቀመጥኩና መስኮቷ ሥር ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። የራስን ድምፅ መስማት ደስ አይልም፣ እንደ ዶሮ ነው የማወራው።

«አጥፊው፣ ሰፈሩ ይሰማል» አለች ከውስጥ።

«ሰፈሩ ግማሹን ሰምቷል፣ የቀረውንም ይስማ» አልኳት።

ሐሙስ ላይ ደረሰ። ተኝታ ነበር የሚለው አለፈ፣ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሙሽራ ልብሱ፣ መቀሱ፣ ቀስ ብዬ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ካሴቱ ላይ የእኔ ለቅሶ አለ፣ ጃንዋሪ ላይ ማልቀሴንም ረስቼው ነበር። እናትሽ ከፈተች። ባዶ እግሯን ነበረች።

«ሰምቼው ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«በሩን። ሲዘጋ ሰምቼ ነበር። አንቺ መጥተሽ የወሰድሽው መሰለኝ። ኤርሜሊንዳ ወሰደችው ብዬ ገልበጥ ብዬ ተኛሁ።»

እኔ ከእሷ ጋር ነው ብዬ ወጣሁ፣ እሷ ከእኔ ጋር ነው ብላ ተኛች። ልጁ በሁለታችን መሃል ወጥቶ ሄደ።

ለምን ልብስ ሳሰጣ ነበር ትያለሽ ታዲያ ብዬ ጮህኩባት። «ተኝቼ በሩን ሰማሁ ካልኩ፣ ማን ነበር የዘጋው ይባላል። አንቺ መሆንሽ ይወጣል። ልጅሽ ሞቶብሽ በዚያ ላይ ይኼ ሊጨመርብሽ?» አለች። ሃያ ሰባት ዓመት እኔ እሷን ስሸፍን፣ እሷ እኔን ስትሸፍን፣ አንዳችን ለአንዳችን አልነገርንም። ተናደድኩ፣ ግሪሴልዳ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከማልቀሴ በፊት ተናደድኩ። የሬዲዮውን መክደኛ ሰብሬዋለሁ።

እስኪመሽ ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። ስለ ዳሪዮ አወራን፤ እሷ የምታስታውሰውን እኔ የማላውቀው፣ እኔ የማስታውሰውን እሷ የማታውቀው ብዙ ነገር አለ።

አንቺን ግን ይቅር አላልኩሽም። ጥሩ ሆኖ ተገኘ ብለሽ እንዳታስቢ፤ ጥሩ የሆነው አንቺ ስለቆረጥሽው አይደለም፣ መልሰሽ ስለሰጠሽው ነው።

እናትሽ ለፋሲካ ትምጣ ትላለች። እሺ ነይ። ስትመጪ መጀመሪያ እሷ ዘንድ ግቢ። እግሬን ለምን አሰርሽኝ ብለሽ በራስሽ አፍ ጠይቂያት፣ መጮህ ካማረሽም ጩሂባት፣ እኔ ጣልቃ አልገባም። እኔ ዘንድ የምትመጪው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እኔ እጮህብሻለሁ።

አክስትሽ ኤርሜሊንዳ